ሰፊ ልብስ ሰፊ

መስከረም ላይ ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባም አለኝ። መነጽሬን ጠረግኩ፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ የክሩን ጫፍ በምራቄ አሾልኩ፤ አሁንም እምቢ አለ። ዘነበች ደንበኛዬም ጓደኛዬም ናት። ስታየኝ ቆየችና መርፌውን ከእጄ ቀማችኝ። በአንድ ጊዜ አስገብታ እየመለሰችልኝ፣ «አስካለ፣ ዓይንሽ ጡረታ ወጥቷል፤ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። መጀመሪያ ተቆጣኋት፤ በኋላ ግን እኔም ሳቅኩ። በዚያው ወር የስፌት መኪናዬን፣ መቀሴንና በሩ ላይ ያለውን ታፔላ ለየሺ አስረከብኳት። የሺ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን የመጣች፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። እጇ ከእኔ እጅ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «ለመሆኑ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ይለኛል። «ወፍራም ሴቶችን ሳለብስ» እላለሁ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። አንዳንዱ ይስቃል። ይሳቅ! በዚህ ከተማ በሠርጉም ሆነ በገበያው ሰውነቷን ሳትደብቅ ቀጥ ብላ የምትሄድ ትልቅ ሴት ካያችሁ፣ የለበሰችው የእኔ እጅ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ራሴ ቀጭን ነኝ። ደንበኞቼ «አስካለን ከመርፌዎቹ ጋር እንዳትሰኳት» እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። ስለ ገቢው ብዙ አልጽፍም። ልጆቼን አሳድጎልኛል፤ ሀብታም አላደረገኝም፤ አላሳፈረኝምም።

ሥራውን የተማርኩት አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ፣ ጋሽ ሰይድ በረንዳ ላይ ነው። ጋሽ ሰይድ ከቆላው አልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው የአንኮበርን ብርድ ለመዱና እዚያው ቀሩ። ነጭ ቆባቸውን፣ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚንሸራተተውን መነጽራቸውን፣ ከከንፈራቸው የማይጠፋውን ቁራጭ ክር አሁንም አያቸዋለሁ። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ሴት ስትመጣ ሜትራቸውን ወገቧ ላይ ጠምጥመው ቁጥሩን እንደ ጨረታ ይጮኹት ነበር፤ የሚጽፈው ረዳት ከወዲያ ማዶ ነዋ የሚቀመጠው። ቁጥሩን ረዳቱም ይሰማዋል፣ ተራ የሚጠብቀውም ይሰማዋል፣ መንገደኛውም ይሰማዋል። ብዙ ትልልቅ ሴቶች ልብስ ከማሰፋት የባላቸውን ካፖርት ደርበው መዋል የሚመርጡት ለዚህ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ሜትር አይነኩም። ሲባጎ ነበር የሚጠቀሙት። ሴትየዋ ራሷ፣ ወይም አብራት የመጣች እህቷ፣ ሲባጎውን በወገቧ ታዞረዋለች፤ እሳቸው ጫፉን ተቀብለው ይቋጥሩታል። አንድ ቋጠሮ ለደረት፣ አንድ ለወገብ፣ አንድ ለዳሌ። ቁጥር የሚባል ነገር በረንዳው ላይ አይነገርም። ሲባጎው ሲረዝም «ማሻ አላህ» ይላሉ፤ ሲያጥርም «ማሻ አላህ» ይላሉ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ደልደል ያሉ እናት ሲለኩ፣ «ውይ! አልደረሰላቸውም!» ብዬ አመለጠኝ። ጋሽ ሰይድ በመነጽራቸው አናት ላይ አዩኝ።

«ያጠረው ሲባጎው ነው ልጄ፤ እሳቸው ምን አደረጉ? ሂጂና ሌላ አምጪ» አሉኝ።

ሴትዮዋ ሳቁ። እኔ ግን ፊቴ እሳት መስሎ ሌላ ሲባጎ ፍለጋ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሴት አልበዛችብኝም፤ ጨርቅ ነው ያነሰኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መቀስ ከማንሳታቸው በፊት «ለብሰሽው ምን ልትሠሪበት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዷ ገበያ እወርድበታለሁ ትላለች፤ ሌላዋ ልጅ አዝልበታለሁ ትላለች። እንደ መልሱ እጅጌው ይላላል፣ ታችው ይሰፋል፣ በስፌቱ ውስጥ ኋላ የሚፈታ ትርፍ ይተዋል። እኔ ይህ ጥያቄ የሽማግሌ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። ደንበኛ እንዳይሰለቸው የሚሉት ነገር አድርጌ ቆጠርኩት።

ከዚያ ደብረ ብርሃን መጥቼ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የጃኬት ኪስ እሰፋለሁ፤ ማን እንደሚለብሰው አላውቅም፤ ምን እንደሚሠራበትም የሚጠይቅ የለም። አለቃችን ቁጡ ነበር፣ ግን ሙያውን ያውቃል። ድርብ ስፌት እንዴት እንደሚጠነክር፣ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንዴት ከሰውነት ጋር እንደሚለጠጥ ያሳየኝ እሱ ነው፤ እግዜር ይስጠው። እዚያ ያልወደድኩት የልኩን ምልክት ነው። ኤስ፣ ኤም፣ ኤል ይልና ሰው ገፋ ሲል ኤክስ ይጀምራል። ኤክስ እኛ ዘንድ መምህር በቀይ እስክሪብቶ የተሳሳተ መልስ ላይ የሚያደርገው ነው። ዘነበችም ኋላ ስንተዋወቅ የተላከላትን ቀሚስ አንገት እያሳየችኝ፣ «እይ፣ ሦስት ጊዜ ኤክስ ተደርጎብኛል፤ ወድቄያለሁ ማለት ነው» ብላኛለች። የራሴን ቤት ስከፍት በእያንዳንዱ ቀሚስ አንገት ውስጥ በቀይ ክር ራይት የምጠልፈው በዚህ ምክንያት ነበር።

ቤቱን የከፈትኩት ገበያው ጀርባ ነው። ታፔላ ጻፊውን «አስካለ ልብስ ሰፊ» ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። ጽፎ ሲጨርስ መሰላሉ ሥር ቆሜ ሳነበው «አስካለ ሰፊ ልብስ» ይላል።

«ምን አደረግከኝ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አለበት እትዬ? ሁሉም ቃል አለ እኮ!»

«ቃሉማ አለ! ልብስ ሰፊና ሰፊ ልብስ አንድ ነው?»

«ነገ መጥቼ አዟዙረዋለሁ» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። እስከዚያው ያለፈ ያገደመው ሲስቅ ዋለ፤ እኔም በር ላይ መቆም አፍሬ መኪናዬ ሥር ተደበቅኩ። ከሰዓት በኋላ በሩን ጨለም አድርጋ አንዲት ሴት ገባች። የወንድ ኮት ለብሳለች፤ ከሥሩ ሁለት ጉርድ ተገጣጥሞ የተሰፋ ቀሚስ ይታያል። ያኔ ስሟን አላውቅም፤ ቅቤ ነጋዴዋ ዘነበች ነበረች።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ታፔላው። ሰፊ ልብስ አለ የሚለው።»

የጻፊው ስህተት ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን አየሁትና ዘጋሁት። «እውነት ነው። ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

እንደዚያ ብሎ የጠየቃት ሰው እንደሌለ ኋላ ነግራኛለች። ሁልጊዜ ጥቁር ልበሺ፣ ያከሳሻል ነበር የምትባለው። ቆም ብላ አሰበችና፣ «ቢጫ» አለች፤ «የአደይ አበባ ዓይነት ቢጫ፤ ወገቡ የሚታይ።» ሰፋሁላት። ያን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ቅዳሜ ገበያ ስትገባ አንዷ ከንፈሯን መጥጣ «ዘነበች፣ ወፈርሽ!» ስትላት፣ «ተመስገን በይልኛ! ቅቤ ነጋዴ ከስታ ማን ይገዛታል?» አለቻት አሉ። ድሮ «ወፈርሽ» ተመችቶሻል ማለት ነበር፤ ስድብ ያደረግነው በቅርቡ ነው። ታፔላ ጻፊው በማግስቱ ሲመጣ እንዲያዟዙር አልፈቀድኩለትም። መጨረሻው ላይ አንድ ቃል ጨመረልኝ፦ «አስካለ ሰፊ ልብስ ሰፊ»። አንዱ ሰፊ ላላ ብሎ ሲነበብ የእኔ ሙያ ነው፤ ሌላው ጠበቅ ሲል የደንበኞቼ መልክ ነው።

ከዚያ ሴቱ ይጎርፍልኝ ጀመር። ስሜም ገነነ። የልብ ልብ ብሎኝ ሳለ ነው ሙሉነሽ የመጣችው።

ሙሉነሽ የጎረቤላ ልጅ፣ እዚህ ከተማ የምታስተምር መምህርት ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚታወቅ የአንድ ደብር ሰው። ልታገባ ነው፤ ኪራይ ቤት ያለው ቬሎ ሁሉ ግን ክንዷን እንኳ አያስገባም። «እትዬ አስካለ፣ እንደ ሌሎቹ ሙሽሮች ጥብቅ ይበልልኝ፤ ወገብ እንዳለኝ ይታይ» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ቀጥ አድርጌ አቁሜ ለካኋት፣ ገበር አደረግኩለት፣ ከጀርባዋ ረጅም ዚፕ ሰፋሁ፣ ቀጥ አድርጌ አቁሜ ሞከርኩት። መስተዋቱ ፊት ስትቆም ውብ ነበረች። ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ሥራዬ ሲታይ ለማየት ጎረቤላ ድረስ ሄድኩ።

ዳሱ ሞልቷል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ የአባቷን ጉልበት ልትስም ቀረበች። ጎንበስ አለች። ጥርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ቬሎው ከአንገቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ።

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሙሉነሽ ቀና ማለትም ጎንበስ ማለትም አቅቷት ባለችበት ቀረች። መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ልጃቸውን ከራሷ ጀምሮ ሸፈኗት። ምርቃቱም ሳይደርስ ቀረ። የሠርጓ ፎቶ ሁሉ በጋቢ ነው። እኔ ከዳሱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ፤ እንደዚያን ቀን ሙያዬን ጠልቼው አላውቅም።

ቬሎውን ለምኜ ወሰድኩና ጋሽ ሰይድ በረንዳ ላይ ዘረጋሁት። አርጅተዋል፤ ጣታቸው ግን ስፌቱን ተከትሎ ሄደ።

«ስፌትሽ ጥሩ ነው» አሉኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ አይቀልዱብኝ፤ ተተርትሯል እኮ!»

«ወላሂ አልቀለድኩም። ለመቆም ጥሩ ነው። ሙሽራ ግን ምን ታደርጋለች?»

«ታገባለች።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጉልበት ትስማለች» አልኩ።

«ታዲያ ጎንበስ አሰኝተሽ ለካሻት?»

ሻይ አዘዙልኝ። ፋብሪካው ውስጥ የጣልኩትን ጥያቄ ከዚያ በረንዳ አንስቼ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት የገባች ሴት ቆማ ብቻ ተለክታ አታውቅም። ከመጋረጃው ጀርባ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ እጇን ትሰቅላለች፣ እስክስታ ትመታለች፣ ጎንበስ ትላለች። በየእንቅስቃሴው ሲባጎው የት ላይ እንደሚጠብቅ አያለሁ። በብብት ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ አስገባለሁ፤ ጀርባውን በሰያፍ እቆርጣለሁ፤ ስፌቱን እደርባለሁ። በውጭ የሚያልፍ ሰው ሳቁንና ጭፈራውን ሰምቶ ስፌት ቤት ነው ብሎ አይገምትም።

ሙሉነሽ ግን አልተመለሰችም። ትዳሯ መልካም ነው፤ ባሏም የተከበረ ሰው ነው፤ ግን ሠርግ ስትጠራ አትሄድም፤ ሁልጊዜ ከአንድ ሰፊ ጥቁር ሹራብ አትወጣም። አንድ ቀን መሪጌታ ከአንኮበር መጡና ሱቄ ገብተው ተቀመጡ። ሊወቅሱኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ልጄ ዓውደ ዓመት ትመጣለች» አሉ፤ «ትከሻዬን ሳም አድርጋኝ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጉልበቴን ከሳመች ቆየች። እኔም እያረጀሁ ነው፤ ሳልመርቃት እንዳልሞት።»

ያን ቀን ቃል አልገባሁላቸውም። ከልቤ ግን አልወጣም።

በዚህ መሐል ደንበኞቼ በዝተው ማኅበር መስለው ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያዩአቸው «ሰፊው ሕዝብ መጣ!» ይሏቸዋል። ዘነበች አልተቀየመችም፤ «አዎ፣ ሰፊው ሕዝብ ነን! መንገድ ልቀቅ!» ብላ ስሙን ወሰደችው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ አዲስ ነገር አመጣች። «ፋሽን ሾው እናሳይ» አለች። «ቀጫጮቹ ብቻ ናቸው እንዴ ዓይን የሚገባቸው? እዚህ ከተማ ውስጥ በልኳ ልብስ የለም ተብላ ቤት የቀረች ልጅ ስንት አለች! እሷም ትየን።» ስፖርት ብትሠሩ አይሻልም ወይ ያለን ሰውም አልጠፋም። ዘነበች የቅቤ እንስራ ተሸክማ ዳገት እንደምትወጣ ነገረችውና እንዲያግዛት ጠየቀችው፤ ሌላ ቀን አልመጣም።

ሙሉነሽ ቤት ራሴ ሄድኩ። ሳልጨርስላት ራሷን ነቀነቀች።

«እትዬ፣ እኔ አንዴ ታይቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

«አትታዪ እሺ። አንድ ቀሚስ ልስፋልሽና እኔ ቤት መጋረጃ ውስጥ ብቻ ልበሽው። ካልወደድሽው እተረትረዋለሁ።»

«እሱማ ራሱ ይተረተራል» አለችኝ። ቀልዷ አጥንቴን ነካኝ፤ ግን መቀለዷ ራሱ ተስፋ ሰጠኝ።

መጣች። መቀሴን ሳላነሣ ጠየቅኳት፦ «ለብሰሽው ምን ልትሠሪበት ነው?» የጥቁር ሹራቧን እጅጌ እየጎተተች «የአባቴን ጉልበት ልስምበት» አለች።

እንደዚያ ቀሚስ ተጠንቅቄ የሰፋሁት ነገር የለም። ጨርቁን የመረጠችው እሷ ናት፤ ጠበቅ ያለ ቀይ፣ ወገቡ የሚታይ። ጋሽ ሰይድ ያኔ በሕይወት አልነበሩም፤ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቋጠሯቸውን ሁሉ ግን እጄ ያስታውሳል። ሲያልቅ መስተዋቱ ፊት አቆምኳትና «በይ» አልኳት። አንድ እጇን ጀርባዋ ላይ ስፌቱን ይዛ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ምንም የለም። እጇን ለቀቀችና ደገመች። ከዚያ እስከ መሬት ወረደችና ተንበርክካ ቀረች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየኝም። የሺ መኪናውን አቁማ አብራት ተንበረከከች።

ሙሉነሽም ከሌሎቹ ጋር መድረክ ላይ ልትወጣ ተስማማች፤ ለመሪጌታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ዘመድ ፋሽን ሾው ለካህን ቤት አይሆንም ብሎ ከልክሏቸው ነበር። እሳቸው «ለብሳ ልትታይ ነው እንጂ ተራቁታ ነው እንዴ?» ብለው መልሰውለት በጠዋት አውቶቡስ መጡ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዘነበች በቢጫ ወጣች፤ ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። አንዲት ነርስ፣ ከተፈናቃዮቹ ጣቢያ የመጡ እናቶች ተራ በተራ ወጡ። የተራመዱት ቸኩለው አይደለም፤ በዝግታ፣ እንዲታዩ ነው። ከታዳሚው መሐል አንዲት ደልደል ያለች ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አየሁ። ለእሷ ስል ብቻ እንኳ ያ ሁሉ ዘመን አይቆጨኝም።

መሪጌታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ ታውቁታላችሁ፤ እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አልለበሱትም። አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከመጋረጃው ጀርባ ሳያቸው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ሙሉነሽ በቀዩ ቀሚስ ወጣች። እስከ መድረኩ ጫፍ ሄደች፤ እንደ ሌሎቹ ዞራ መመለስ ሲገባት ደረጃውን ወረደች። ከጎረቤላ የመጡት ነገሩን ያውቁታልና መጀመሪያ እነሱ ዝም አሉ፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ዝም አለ። አባቷ ፊት ቆመች። መሪጌታ ጋቢውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ጎንበስ አለች፣ እስከ ታች፣ ግንባሯ ጉልበታቸው ላይ እስኪያርፍ።

ጆሮዬን ተክዬ ሰማሁ። ምንም ድምፅ የለም።

መሪጌታ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው መረቋት። የሠርጓን ቀን ያልደረሰውንም ጨምረው ይሆናል፤ ምርቃታቸው ረጅም ነበር። እሷም አንዴም ቀና ሳትል እስከ መጨረሻው «አሜን» እያለች ተቀበለች። ስፌቱ አልተነቃነቀም።

ስትነሣ እሳቸውም ተነሡ። ጋቢያቸውን ዘረጉ። የተተረተረ መስሎን ሁላችንም ጀርባዋን አየን። መሪጌታ ግን ጋቢውን በራሳቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና ተጠቀለሉበት፤ ወደ እኔ ዞር ብለውም፣ «እፎይ፣ አስካለ፤ ብርዱ ገድሎኝ ነበር» አሉኝ።